የባሕር ዳር ጎጆና የመሪው ካባ

ባለፈው ሴሚስተር በመሬት አጠቃቀም ኮርስ ላይ ለየግሩፑ የአሳይንመንት ርዕስ በዕጣ ወጣ። ለእኛ የደረሰው ወረቀት «ማዕድን ያለቀበት የባሕር ዳር አገርና የዕረፍት ጎጆ» ይላል። አንዱ የግሩፓችን ልጅ ጮክ ብሎ አነበበና «ባሕር ዳር ላይ ማዕድን ነበረ እንዴ?» ሲል ክላሱ በሳቅ ፈረሰ። ርዕሱ ግን ስለ ጣና ዳሯ ከተማ አልነበረም። ስለ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ በዚያ ስለተቆፈሩ የመዳብና የቲን ጉድጓዶች፣ ዛሬ ደግሞ ከተማ የሰለቸው ሰው በሳምንት ኪራይ ስለሚያርፍባቸው ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች ነው።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ብዙዎቹ «ባሕር የሌለው አገር ስለ ባሕር ዳር ጎጆ ምን ይጽፋል?» ብለው ርዕሱን ለማስቀየር ፈልገው ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ሳነብ የታየኝ ባሕር ሳይሆን ካባ ነው። የመሪ ልጅ ነኝ። ከሰፈራችን ወደ ላይ፣ የየካ ኮረብታ መነሳት ከሚጀምርበት አጠገብ፣ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ የተተወ ጉድጓድ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥራል፤ የሰፈር ልጆችም «ባሕሩ» ይሉታል። እናቶች ደግሞ ልጅ ገብቶ እንዳይቀርባቸው ሐምሌና ነሐሴን በሥጋት ያሳልፋሉ። የእናቴ ወንድም እዚህ ካባ ላይ ብዙ ዓመት ድንጋይ ፈልጧል። ቤቱንም የሠራው ከጠርዙ አጠገብ፣ ለገበያ አልሆን ያለውን የተሸራረፈ ድንጋይ እየለቀመ ነው። ሰሞኑን ቦታው ላይ እንግዳ ማረፊያ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ስላለ፣ ርዕሱ ለእኔ የሩቅ አገር ጉዳይ አልሆነልኝም። ስለዚህ «እንያዘው» ብዬ ተከራከርኩ፤ ተያዘም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ አሳይንመንት የተረፈኝን ነው የሚያስረዳው። በአጭሩ ለመግለጽ፣ አንድ የማዕድን አገር ማዕድኑ ሲያልቅበት የዕረፍት ቦታ የሚሆነው እንዴት ነው? ሲሆንስ ቤቱ የማን ይሆናል? የጂኦሎጂ ስህተት ከተገኘብኝ መምህራኖቻችን ያርሙኝ።

የጉዳዩ ዋና አገር ኮርንዎል ነው

ኮርንዎል የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ሲሆን በሰሜን፣ በደቡብና በምዕራብ ባሕር ያዋስነዋል። ከሥሩ ግራናይት አለ፤ በግራናይቱና በዙሪያው ባለው አለት ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ መዳብና ቲን ተጋግረው ይገኛሉ። (ቲን ቆርቆሮ ይባላል፤ የቤት ክዳን የምንለው ቆርቆሮ ግን ዚንክ የተለበጠ ብረት እንጂ ቲን አይደለም። እኔም ያወቅሁት አሁን ነው።) በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኮርንዎልና ጎረቤቱ ምዕራብ ዴቨን ከዓለም የመዳብ አቅርቦት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያወጡ ነበር።

ጉድጓድ በጠለቀ ቁጥር ውሃ ይመጣል። ውሃውን ለማውጣት በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ለፓምፑም ቤት ያስፈልገዋል። ዛሬ በቱሪስት ፖስት ካርድ ላይ የምናያቸው፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆሙት ከነጭስ ማውጫቸው ሦስት ፎቅ የሚያህሉ የድንጋይ ሕንፃዎች እነዚህ የሞተር ቤቶች ናቸው። ለምን እስካሁን ቆሙ? ብዬ ጠይቄ ነበር። ምክንያቱ ግድግዳው የማሽኑ አካል ስለነበረ ነው። ብዙ ቶን የሚመዝነው የብረት ምሰሶ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ የሚለው በአንደኛው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ስለሆነ፣ ያ ግድግዳ ከሌሎቹ ይበልጥ ወፍራም ተደርጎ በግራናይት ይሠራ ነበር። ማሽኑ ተነቅሎ ለብረታ ብረት ሲሸጥ ግድግዳው ቀረ።

ከሁሉም የሚታወቀው ቦታላክ የሚባለው ማዕድን ነው። ሁለት የሞተር ቤቶቹ አትላንቲክ ውቅያኖስ አፍ ላይ፣ ማዕበሉ ሊደርስባቸው የሚችል እስኪመስል ድረስ ወርደው ተሠርተዋል። ዋሻው ከዚያ ተነስቶ በባሕሩ ወለል ሥር መቶዎች ሜትር ይገባል። ማዕበል በሚነሳበት ቀን ሠራተኞቹ ከራሳቸው በላይ በባሕሩ ወለል ላይ ድንጋይ ሲንከባለል ይሰሙ ነበር ተብሎ ተጽፏል። እዚያው አጠገብ ባለው በሌቫንት ማዕድን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 1919 ሠራተኞችን ከጉድጓድ የሚያወጣው ማሽን ተበጥሶ 31 ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ የዚያ ገደል እይታ በኪራይ ማስታወቂያ ላይ «ውብ ትዕይንት» ተብሎ ይጻፋል። ውብ መሆኑን አልክድም።

ከመሬት በላይ ያለውን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። የወጣውን ድንጋይ በመዶሻ እየሰበሩ ማዕድኑን ይለያሉ። ስማቸው «ባል ሜይደን» ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ሳቃችን መጣ፤ «ባል» በጥንቱ የኮርንዎል ቋንቋ «ማዕድን ቆፈራ» ማለት ነው እንጂ ከእኛ ባል ጋር ዝምድና የለውም። ፎቶግራፋቸውን ሳይ ግን ነጭ ሻሻቸውና አቀማመጣቸው መንገድ ዳር ጠጠር የሚሰብሩ እናቶቻችንን አስታወሰኝ።

ጎጆዋ ለምን ሞቅ ያለች ሆነች?

የዕረፍት ቤት የሚከራይ ሰው የሚወደው ነገር ይታወቃል፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ትንሽ መስኮት፣ አንድ ምድጃ። ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ግድግዳው የወፈረው ያልተጠረበ ድንጋይ በቀጭኑ ስለማይቆም ነው። መስኮቱ ያነሰው መስተዋት ውድ ስለነበረና የባሕር ነፋስ ስለማይቻል ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለው ማገዶ ስለሚጠፋ ነው። ድንጋይ በማይገኝበት በኩል ደግሞ ጭቃን ከጭድ ጋር እየረገጡ ግድግዳ ያቆማሉ፤ «ኮብ» ይሉታል። የእኛን ጭቃ ቤት ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ የእኛ ማገርና ምሰሶ ሲኖረው የእነሱ እንጨት የሌለበት ድፍን ጭቃ መሆኑ ነው። በአንዲት እንዲህ ባለች ቤት ውስጥ ትልቅ ቤተሰብ ይኖር ነበር። አባወራው ደግሞ የድንጋይ አቧራ ሳንባውን እየበላው ብዙ ጊዜ በጎልማሳነቱ ይሞታል። ዛሬ ሞቅ ያለ የሚባለው ነገር ያኔ ድህነት ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን የቤቱ ወረቀት ጉዳይ ነው። የማዕድን ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ ቤቱን የሚሠራው በራሱ እጅ፣ በባለርስቱ መሬት ላይ ነው። ውሉ «በሦስት ነፍስ» የሚባል ዓይነት ነበር። ሠራተኛው የሦስት ሰዎችን ስም ያስጽፋል፤ ከሦስቱ አንዱ እስካለ ድረስ፣ ቢበዛ ግን እስከ 99 ዓመት፣ ቤቱ የእሱና የቤተሰቡ ነው። የመጨረሻው ሰው ሲሞት መሬቱ ከነቤቱ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሰዎች ጤነኛ የሚመስለውን ሕፃን እየመረጡ ያስጽፉ ነበር። አስቡት እስኪ፤ አንድ ሕፃን ቢታመም የሚያስለቅሰው የልጁ ነገር ብቻ አይደለም፤ ቤቱም አብሮ ይታመማል። ኩፍኝ ወይም ጉድጓድ ውስጥ የሚደርስ አደጋ ሦስቱንም ስም በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። ያኔ አባት ተሸክሞ ያመጣው ድንጋይ፣ የረገጠው ጭቃ ሁሉ የሌላ ሰው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1866 የመዳብ ገበያ ወደቀ። ብዙ ሺህ ሰው ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደደ። (ሜክሲኮ ውስጥ በፓቹካ ከተማ እስከ ዛሬ የኮርንዎልን የሥጋ ሳምቡሳ መሰል ምግብ እየጋገሩ ይሸጣሉ። ሰው ቤቱን ትቶ ቢሄድም ምግቡን ይዞ ነው የሚሄደው።) ቲን ግን እያነከሰ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የቲን ዋጋ ሲወድቅ ያም አከተመለት። ጊቮር የሚባለው ማዕድን በ1990፣ ሳውዝ ክሮፍቲ ደግሞ በ1998 ተዘጉ። ሳውዝ ክሮፍቲን መልሶ ለመክፈት ውሃውን የመምጠጥ ሥራ በ2023 ተጀምሯል። ዩኔስኮ የአካባቢውን የማዕድን ገጽታ በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ባዶ ቤት ብቻውን ግን የዕረፍት ቤት አይሆንም። መንገድ ይፈልጋል። ኮርንዎልን ከተቀረው እንግሊዝ ጋር ያገናኘው የባቡር ድልድይ በ1859 ተመረቀ፤ በ1904 ደግሞ ከለንደን የዕረፍት ተጓዦችን የሚያመላልስ ፈጣን ባቡር ሥራ ጀመረ። ማዕድንና ዓሣ ለማውጣት የተዘረጋ ሐዲድ ሰው ይዞ መመለስ ጀመረ ማለት ነው። ሠዓሊዎች መጡ፤ ከሠዓሊዎቹ በኋላ ገንዘብ ያለው መጣ። ባለ ሁለት ክፍሏ ቤት በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ መብራቷ የሚበራ «ሁለተኛ ቤት» ሆነች።

ውጤቱን በሴንት አይቭስ ከተማ ማየት ይቻላል። በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቹ ሕዝበ ውሳኔ አድርገው፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ እንዲሸጥ ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ወሰኑ። አሮጌዎቹን ቤቶች ግን ውሳኔው አልነካቸውም፤ ገዢው ፊቱን ወደ አሮጌዎቹ ብቻ አዞረ ብለው የሚከራከሩም አሉ። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ደግሞ የኮርንዎል ምክር ቤት በሁለተኛ ቤት ላይ የሚከፈለውን የቤት ግብር እጥፍ አድርጎታል። የማዕድን ሠራተኛ የልጅ ልጅ የአያቱን ቤት ሊገዛ ቀርቶ እንዳይከራይ ዋጋው የማይቀመስ ሆኖበታል። የሚያስቀው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ያንን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለእንግዳ የምታጸዳው እሷ ራሷ መሆኗ ነው። ማሳቁስ አላሳቀኝም።

ከወለሉ ሥር ያለው

የዲፓርትመንታችን ተማሪ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውንም ማየት አለበት። በኮርንዎል ቤት የሚገዛ ሰው ጠበቃው አስቀድሞ «የማዕድን ፍተሻ» ያሠራለታል፤ በአሮጌ ካርታ ላይ ከቤቱ ሥር ወይም አጠገብ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ከመቶ ዓመት በፊት በእንጨትና በአፈር የተከደነ ጉድጓድ አንድ ሌሊት ዝናብ ሲበዛበት አፉን ይከፍታል፤ በሰው ጓሮም በመኪና ማቆሚያም ላይ የሆነ ነገር ነው። ሁለተኛው ሬዶን ነው። ግራናይት ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚመነጭ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ሲሆን ወለል ሥር ተጠራቅሞ ቤት ውስጥ ሲገባ ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ከወለሉ ሥር ትንሽ መሳቢያ ፋን ይገጠምና አየሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ሦስተኛው አርሴኒክ ነው፤ ከማዕድኑ ጋር አብሮ ወጥቶ በየቁልሉ አፈር ላይ ስለቀረ፣ በአንዳንድ ቦታ ጎመን መትከል እንኳ ያሳስባል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ማዕድን ወጥቶ ካለቀ በኋላም ቦታው ወጪ ያስወጣል። ወጪውን ያኔ ትርፉን የወሰደው ባለመኖሩ፣ የሚከፍለው ዛሬ እዚያ የተገኘው ሰው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ

በአገራችን ለርዕሱ ከሁሉ የቀረበውን ስንፈልግ ያገኘነው ዳሎልን ነው። «ዳሎል ባሕር አለ እንዴ?» እንዳትሉኝ፤ ነበረ። የደናክል ዝቅተኛ ቦታ በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ውሃ ይገባበት እንደነበር በዳርቻው ላይ ደርቆ የቀረው የኮራል ድንጋይ ይመሰክራል። ባሕሩ ተቆርጦ ሲተን ጨው ቀረ፤ ከጨው ጋርም ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ። እ.ኤ.አ. በ1918 ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ተነስቶ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀረው የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ፖታሹ ወደ ባሕር መውረድ ጀምሮ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመንና የሌሎች አገሮች ፖታሽ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ሥራው ቆመ። በ1920ዎቹ ጣሊያኖች፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ፓርሰንስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሞክረው ትተውታል። ካምፑ ዛሬም አለ። በጨው ጡብ የተገነቡ ግድግዳዎች፣ የዛገ ብረት፣ የመኪና አካል።

የጨው ግድግዳ! ከኮርንዎሉ የግራናይት ግድግዳ አጠገብ አስቀምጡትና አወዳድሩ። ሁለቱም በእጅ የተገኘውን ድንጋይ ነው የተጠቀሙት። ዳሎል ላይ ግን ሞቅ ያለች ጎጆ አልተፈጠረችም፤ ሙቀቱ በቂ ነው ብንል ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ንጹሕ ውሃ የለም፤ ሐዲዱ ከተነሳ ቆይቷል። ወደቡም እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ከድንበር ማዶ ቀረ። የሚመጣው ቱሪስት ሐመድ ኢላ በተባለችው መንደር ደጅ ላይ በተዘረጋ አልጋ፣ ኮከብ እያየ አድሮ ይመለሳል። ይህም በ2013 ዓ.ም በሰሜኑ ጦርነት ተቋርጦ ቆይቶ ነው ቀስ በቀስ የተመለሰው። ጨው ግን አልቆመም፤ አፋሩና ትግሬው አሁንም አሞሌውን እየጠረበ ይጭናል።

ከዳሎል የተማርነው አንድ ነገር፣ ውሃና መንገድ ከሌለ ሕንፃ ቢቀርም ቤት እንደማይሆን ነው። ይህን ይዤ ወደ መሪ ልመለስ፤ መሪ ውሃም መንገድም አላት።

መሪ

የእንጦጦና የየካ ተራራ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ አብዛኛው ራዮላይትና ትራካይት። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ጀምሮ መሠረቷና አጥሯ በዚህ ዓይነት ድንጋይ ነው የቆመው። እዚሁ የየካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። እሱም ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ካባ ላይ ድንጋዩን ወስደን ጉድጓዱን እንጥላለን፤ እነዚያ የጥንት ሰዎች ግን ድንጋዩን ጥለው ጉድጓዱን ነው የፈለጉት። ለግሩፓችን ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ካባውም ጥሩ ቦታ ሊሆን ይችላላ!» አሉና ዲዛይን መሣል ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ በጫካው መካከል ማረፊያ ቤቶች ስለተሠሩ፣ «ኮረብታው ላይ ማን ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ቀርቷል።

በወረቀት ላይ ያማረ ነገር ሠራን። ውሃው የሚቋጠርበትን አጥረን ኩሬ፣ በዙሪያው ስድስት ጎጆ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ መኪና ማቆሚያ። ቅዳሜ ዕለት ሜትር ይዘን ለመለካት ወጣን፤ አጎቴም እንዲያሳየን አብሮን መጣ።

ከክላስ ያልሰማነውን ያህል በአንድ ከሰዓት ሰማን። ግድግዳው ላይ ቀይ ሽንትር ወዳለበት እየጠቆመ «እዚህ ሥር ቤት አትሥሩ። ይሄ ስንጥቅ ከላይ ውሃ ይጠጣና ክረምት ሲጋመስ ይለቃል። እኛ ድንጋዩን በሽብልቅ ስናስለቅቅ የምንጀምረው ከእሱ ነበር» አለን። አዲስ አበባ በዓመት ከሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። እኛ ስድስቱን ጎጆዎች የደረደርነው ልክ ከዚያ ሽንትር ሥር፣ ነፋስ ስለማይነካው «ሞቅ ያለ ነው» ብለን ነበር። አጎቴ ዲጂኖውን ተደግፎ የውሃ መውረጃው የት እንደነበረ፣ ድማሚት የተጠመደበት በኩል አለቱ ምን ያህል እንደላላ አንድ በአንድ አሳየን። ኮርንዎል ላይ ጠበቃ በገንዘብ የሚያስፈልገው ያ «የማዕድን ፍተሻ» እዚህ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

በሕጉ በኩል ካየነው፣ በ2002 ዓ.ም የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ፈቃድ ያለው ሰው አካባቢውን መልሶ ለማስተካከል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተቆፈረውን፣ ወይም ያለ ፈቃድ በየመንደሩ የተቆፈረውን ትንሽ ካባ ግን ማን ይመልሰው? የእኛው ጉድጓድ ላይ የመጨረሻው ቆፋሪ የሄደው አንድ ቀን መኪናው ሳይመለስ በመቅረቱ ነው። ሌላ ሥነ ሥርዓት አልነበረም።

ከልኬቱ በኋላ አጎቴ ቤት ቡና ተፈላ። ስለ ኮርንዎል ነገርኩት። ስለ ሞተር ቤቱ ሲሰማ ብዙም አልደነቀው፤ ስለ ጭቃና ጭዱ ሲሰማ ፈገግ አለ። ሦስቱ ነፍስ ላይ ስደርስ ግን ሲኒውን አስቀመጠ።

«እና የመጨረሻው ሲሞት ቤቱን ቀሟቸው?»

«አዎ ጋሼ፤ ውሉ እንደዚያ ነበር።»

«እነሱስ ሦስት ነፍስ ተጽፎላቸዋል» አለኝ። «ለእኛ እኮ ልጄ አንድም አልተጻፈልንም።»

እውነቱን ነው። ቤቱን የሠራው በ1999 ዓ.ም ነው። ሰነድ አልባ ይዞታን ለማስተካከል መነሻ የሚሆነው በ1997 ዓ.ም የተነሳው የአየር ፎቶ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የለህም ተብሎ ተመልሷል። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ይፈቅዳል፤ ይኸው 99 ቁጥር በኮርንዎሉ ውል ላይም ስለነበረ ሳነበው ገርሞኛል። ነገር ግን ሊዝ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ድንጋይ በመሸከም አይደለም። በሕግ ዓይን ቤቱ የጨረቃ ቤት ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ነው ለማትሪክ ያጠናሁት።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። ካባው እንዲሁ ይቀመጥ አልልም። ውሃ የሚቋጥር ገደል በሕፃናት መንደር መካከል መተው ምንም የሚያስመሰግን ነገር የለውም። ቦታው ቢታጠር፣ መውረጃ ቢበጅለት፣ እንግዳ ቢያድርበትና የሰፈሩ ልጅ ሥራ ቢያገኝበት ደስ ይለኛል። አጎቴም ይለዋል፤ «ዘበኛም ቢያደርጉኝ ድንጋዩን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም» ይላል። የሴንት አይቭስ ሰዎች ድምፅ የሰጡት ከሠዓሊዎቹ መምጣት ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው፣ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። መሪ ላይ ገና ምንም አልተሸጠም፤ አሁን ያለው ወሬ ብቻ ነው። ከወሬው በፊት እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ስንት እንደሆኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደኖሩ፣ ቤታቸውን በምን እንደሠሩት አንድ ሰው ቢጽፈው መነሻ ይሆናል። ይህን ለማድረግ ደግሞ የእኛ ዲፓርትመንት ተማሪና አንድ የሜትር ጥቅል ይበቃል።

አሳይንመንቱን ያቀረብን ዕለት መምህራችን ካርታችንን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና መኪና ማቆሚያ ብለን የጻፍንበት ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉ። «ይቺ ትንሽ አራት ማዕዘን ምንድን ናት? ስም የላትም» አሉን። ስንለካ የነበረውን ሁሉ ስለሣልን እሷም ተሥላለች፤ ማቆሚያውን ግን በላይዋ ላይ አጥልተንበታል። የሣልኩት እኔ ነበርኩ። ካርታውን ወሰድኩና ማቆሚያውን በላጲስ አጠፋሁት፤ ስድስቱንም ጎጆ ከቀዩ ሽንትር ሥር አንስቼ ወደ ምሥራቁ ጠርዝ አዛወርኳቸው፤ ሦስቱ ብቻ በቁ። በአራት ማዕዘኗ አጠገብም «የድንጋይ ፈላጭ መኖሪያ፣ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ» ብዬ ጻፍኩ። ከ20 ያገኘነው 16 ነው፤ አራቱ የተቀነሰው ስኬል ስላልጻፍን ነው።